ተከፍሎበት የተደፋ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2006፣ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የቡሄ ዕለት፣ ፕሮቦ ኮዋላ የተባለች መርከብ ኮትዲቯር ውስጥ አቢጃን ወደብ ደረሰች። ሲመሽ የኪራይ ቦቴ መኪኖች ከመርከቧ ሆድ የወጣውን ዝቃጭ እየሞሉ ወደ ከተማዋ ይገቡ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ያራገፉት አኩዌዶ በሚባለው የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ነበር። አኩዌዶ ዙሪያውን ሰው የሚኖርበት፣ ድሃው ከክምሩ እየለቀመ የሚያድርበት፣ ቆሼን የሚያውቅ አዲስ አበቤ ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ዓይነት ቦታ ነው። ሽታው ግን ለቆሻሻ መጣያም በዛ። የቀሩት ቦቴዎች የያዙትን እንደያዙ ከተማዋን ዞሩ፤ ቦይ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ከመኖሪያ ሰፈር አጠገብ፣ ክፍት ሆኖ ያገኙት ቦታ ላይ እየደፉ ሄዱ። በኋላ ሲቆጠር የተደፋባቸው ቦታዎች 18 ያህል ሆኑ። ከተማዋ ሲነጋ የበሰበሰ እንቁላልና የነዳጅ ቅልቅል በሚመስል ሽታ ታፍና ነቃች። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ100,000 በላይ ሰዎች ራሳችንን አመመን፣ ዓይናችንንና ቆዳችንን አቃጠለን፣ ነሰረን፣ ትንፋሽ አጠረን እያሉ ወደ ጤና ተቋማት ጎረፉ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ቢያንስ 15 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቁ። በሴፕቴምበር መጀመሪያም የጠቅላይ ሚኒስትር ሻርል ኮናን ባኒ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ይህ ሌሊት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የጨካኞች ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ ባሕር ተሻግሮ መርዝ የሚያራግፍ ባዕድና እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው የአገር ውስጥ ተባባሪ። ጭካኔው አይካድም። ሆኖም በጭካኔ ብቻ ካስረዳነው መፍትሔውም ጨካኙን አሳዶ ማሰርና የደፋውን መጥረግ ይሆንና ያልቃል፤ በማግስቱ ሌላ ቦቴ በሌላ መንገድ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሕገወጥ የቆሻሻ መድፋት ከሁሉ በፊት የገበያ ወንጀል ነው የሚል ነው። የሚወለደው ቆሻሻን በአግባቡ ማስወገድ በሚያስወጣው ወጪና ሜዳ ላይ መድፋት በሚያስወጣው ወጪ መካከል ካለው ርቀት ነው። ስለዚህ የሚገታው የመጨረሻውን ሾፌር በመቅጣት ወይም የጽዳት ዘመቻ በመጥራት ብቻ ሊሆን አይችልም። ቆሻሻውን ከፈጠረው ባለቤት እስከ መጨረሻ ማረፊያው ድረስ ገንዘቡንና ጭነቱን እኩል የሚከተል ዓይን ያስፈልጋል።

ይህን ለመረዳት ቆሻሻ እንዴት ያለ ዕቃ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እህል በረንዳ ሄዶ ጤፍ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለሻጩ ይሰጣል፣ ጤፉን ይቀበላል። ጤፉ አሸዋ ከበዛበት ማግስቱን ተመልሶ ይጮኻል፤ ሻጩም ደንበኛ እንዳያጣ ይጠነቀቃል። ገበያውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይህ ጩኸት ነው። በቆሻሻ ንግድ ግን ገንዘቡም ዕቃውም የሚሄዱት ወደ አንድ ሰው ነው። ባለቤቱ ቆሻሻውንም ክፍያውንም ለወሳጁ ያስረክባል፤ ወሳጁ ገንዘቡን ኪሱ ካስገባ በኋላ ጭነቱ ለእሱ ዕዳ ብቻ ነው። በአግባቡ ካስወገደው ከትርፉ ይቀነሳል፣ ገደል አፋፍ ላይ ከደፋው ሁሉም ትርፍ ነው። ባለቤቱስ ይጮኻል? ከግቢው እስከወጣለት ድረስ የሚያስጮኸው የለም። ሊጮኽ የሚችለው ሦስተኛው ሰው ነው፤ በውሉ ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰ፣ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ሽታ የሚቀሰቅሰው ነዋሪ። እሱ ሲጮኽ ደግሞ ገንዘቡ ተበልቶ አልቋል።

ግንድ ይዞ ዟሪ

የአቢጃኑ ዝቃጭ መነሻው ሜክሲኮ ነው። ትራፊጉራ የተባለው ዓለም አቀፍ የነዳጅ ነጋዴ ድርጅት ኮከር ናፍታ የሚባል፣ ድኝ የበዛበት የነዳጅ ተዋጽኦ በርካሽ አገኘ። ድኙን ቀንሶ ከሌላ ቤንዚን ጋር አደባልቆ ለመሸጥ ናፍታውን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ይቻላል፤ እጥበቱ ግን የሚገማና የሚያቃጥል ዝቃጭ ትቶ ስለሚሄድ ሥራውን የሚቀበል ተቋም በቀላሉ አይገኝም። ድርጅቱ መጀመሪያ በቱኒዚያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የብስ ላይ አሠራው፤ ቀጥሎ ባሕር ላይ በቆመችው ፕሮቦ ኮዋላ ጋን ውስጥ አጠበው። በኋላ ይፋ የወጡ የውስጥ የኢሜይል ልውውጦች ከእያንዳንዱ ጭነት 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትርፍ እንደሚጠበቅ ያወሳሉ። ትርፉ ቀድሞ ተሰልቷል፤ ዝቃጩ የት እንደሚሄድ ግን በጊዜው ቁርጡ አልታወቀም ነበር። የወንጀሉ ዘር የተዘራው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ምርት ሲታቀድ የቆሻሻው ማረፊያ አብሮ ካልታቀደ፣ ያ ቆሻሻ ገና ሳይፈጠር መጨረሻው ሜዳ ላይ ለመደፋት የተቃረበ ነው።

መርከቧ በጁላይ መጀመሪያ አምስተርዳም ገባች። የወደቡ ቆሻሻ ተቀባይ ኩባንያ በኪዩቢክ ሜትር 27 ዩሮ ገደማ ዋጋ ሰጥቶ ማራገፍ ጀመረ። ሽታው ሰፈሩን ሲረብሽ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ዋጋውም ወደ 1,000 ዩሮ አሻቀበ። ትራፊጉራ አልከፍልም አለ፤ የወረደውም ተመልሶ ወደ መርከቧ እንዲጫን ተፈቀደ። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው መርከቧ በኢስቶኒያ አድርጋ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወረደች፤ ሌጎስ ላይም ማራገፉ ሳይሆን ቀረ። አቢጃን ላይ ግን ኮምፓኒ ቶሚ የተባለ፣ ፈቃድ ካወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት የሆነው ድርጅት በኪዩቢክ ሜትር 35 ዶላር እወስዳለሁ አለ። ዝቃጩ 528 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ነበር። በአምስተርዳሙ ሒሳብ ከግማሽ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያስወጣል፤ በአቢጃኑ ሒሳብ 20,000 ዶላር አይሞላም። ፈሳሹ ያው ነው፤ አንድ ጠብታ አልተቀነሰለትም። አደገኛ ኬሚካል የማከም የረጅም ዘመን ልምድ ያለው የአውሮፓ ወደብ በዚያ ዋጋ የሚሠራውን፣ ትናንት የተቋቋመ ድርጅት ከሠላሳ እጥፍ በላይ አርክሶ ሊሠራው የሚችልበት ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አለመሥራት።

ትራፊጉራ እስከ ዛሬ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ሥራውን ያስረከብኩት በአገሩ ሕግ ፈቃድ ላለው ድርጅት ነው ይላል። ይህ መከራከሪያ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚያገለግል ሳይሆን ቆሻሻው ሜዳ ላይ በተገኘ ቁጥር የሚሰማ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። እውነት ነው፤ አሠሪ ሁሉ ፖሊስ ሊሆን አይችልም፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የማን ብቃት እንደተመሰከረ ሌላው ሰው እንዲያውቅ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ማስረጃ የሚሆነው ሌላው ማስረጃ እስካልተቃረነው ድረስ ነው። በዚህ ጉዳይ ተቃራኒው ማስረጃ ዋጋው ራሱ ነበር፤ እሱንም ከማንም በላይ የሚያውቀው ከአምስተርዳም 1,000 ዩሮ የተጠየቀው ባለቤት ነው። አዲስ መኪና በብስክሌት ዋጋ የገዛ ሰው የሻጩን ንግድ ፈቃድ ቢያሳይ ዳኛው አያምነውም። ፈቃዱም ቢሆን ምን ያህል እንደሚያስተማምን የሚያሳይ ምሳሌ ከእንግሊዝ አለ፤ ጆርጅ ሞንቢዮ የተባለው ጋዜጠኛ የሞተች የቤት ውስጥ ዓሣውን ስም በድረ ገጽ ሞልቶ፣ ክፍያውን ፈጽሞ፣ ዓሣዋን ሕጋዊ የቆሻሻ አጓጓዥና ነጋዴ አድርጎ አስመዝግቧታል። የሞተች ዓሣ ያገኘችው ፈቃድ ማንንም ከኃላፊነት ነጻ ሊያደርግ አይችልም።

ጥንታዊው ጫካ

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የደካማ መንግሥት በሽታ ነው የሚለው ነው። ኮትዲቯር በወቅቱ ከእርስ በርስ ጦርነት ገና ያልወጣች፣ ለሁለት የተከፈለች አገር ነበረች፤ ጉቦውን አጥፉ፣ ተቆጣጣሪ ቅጠሩ፣ ነገሩ ይቆማል ይባላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የበለጸጉት አገሮች ጫካ ንጹሕ በሆነ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በኬንት ግዛት፣ በአሽፎርድ ከተማ አቅራቢያ፣ ሆድስ ዉድ የሚባል በሕግ የተጠበቀ ጥንታዊ ጫካ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 በጋ ጀምሮ ከባድ መኪኖች እየተመላለሱ በዛፎቹ መካከል የተፈጨ የቤትና የግንባታ ቆሻሻ አራገፉበት። ቦታው በእገዳ እስኪዘጋ ድረስ ከ30,000 ቶን በላይ ተከምሯል። ቆሻሻውን ለማንሳት የተያዘው ወጪ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን የሚከፈለውም ከመንግሥት ካዝና ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ የነበሩት ጄምስ ቤቫን የቆሻሻ ወንጀልን አዲሱ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ብለውታል፤ ትርፉ እንደ ዕፁ ነው፣ ሲያዙ የሚገኘው ቅጣት ግን እንደ ዕፁ አይደለም። የዚያች አገር ተቋማት ደካሞች ናቸው የሚል ብዙ ሰው የለም። ኬንትንና አቢጃንን የሚያመሳስላቸው ነገር ገንዘቡም ጭነቱም ወደ አንድ እጅ መግባታቸውና ከዚያ በኋላ ተከታይ ማጣታቸው ነው።

እንግሊዝን ካነሳን ዘንድ ወንጀሉ ከየት እንደተነሳ የሚያሳይ ግልጽ የዋጋ ሰንጠረዥ አላት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 የሚቀበር ቆሻሻ ላይ ታክስ ሲጥል በቶን 7 ፓውንድ ነበር፤ በ2025 ከ126 ፓውንድ አልፏል። እንደ አፈርና ድንጋይ ላለ የማይበሰብስ ቆሻሻ ግን በዚያው ዓመት ዝቅተኛው ተመን 4 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ነበር። እንግዲህ በዚያ ተመን አንድ መኪና 20 ቶን የሚበሰብስ ቆሻሻ ጭኖ ወረቀቱ ላይ አፈር ብሎ ከጻፈ በአንድ ምልልስ ከ2,400 ፓውንድ በላይ ያተርፋል፤ ጨርሶ ወደ መቅበሪያው ካልሄደና ጫካ ውስጥ ከደፋው ደግሞ የመግቢያውንም ክፍያ ይጨምርበታል። ከዚህ ተነስተው ጥፋቱ የታክሱ ነው፣ ዝቅ ይደረግ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ አመክንዮ አለው፤ ልዩነቱ ከጠበበ ፈተናውም ይቀንሳል። ሆኖም ታክሱ የተጣለበትን ዓላማ አሳክቷል። በ2000 አካባቢ የእንግሊዝ ከተሞች ከቤት የሚሰበስቡትን አብዛኛውን ቆሻሻ ይቀብሩ ነበር፤ ዛሬ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይቀብሩም። ታክሱን ማውረድ ሌባ ስለበዛ በረት ይፍረስ እንደማለት ነው። የተሳሳተው ዋጋውን ከፍ አድርጎ በሩን ያለ ጠባቂ መተው ነው። የማስወገጃ ዋጋ ያሳደገ መንግሥት በዚያው ዕለት ለወንጀለኛው ሽልማት አሳድጓል፤ ስለዚህ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ለመከታተያው የሚሆነውን አብሮ መቁረጥ ነበረበት።

በዋጋ ካሰብን ዘንድ ምጣኔ ሀብታዊውን ተቃውሞም ማለፍ አይቻልም። ሀብታሙ አገር መክፈል ከፈለገ፣ ድሃው አገር ገንዘብ ከፈለገ፣ ለምን አይገበያዩም? እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ የዓለም ባንክ ዋና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በነበሩት በላሪ ሰመርስ ፊርማ የወጣ የውስጥ ማስታወሻ መርዛማ ቆሻሻን ደመወዝ ዝቅተኛ ወደሆነበት አገር መላክ በኢኮኖሚ ስሌት እንከን የለሽ እንደሆነ ጽፎ ዓለምን አስቆጥቷል፤ ሰመርስ በኋላ ነገሩ ለምፀት የተባለ ነው ብለዋል። ምፀትም ሆነ ስሌት፣ ነገሩ በተግባር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 የጣሊያን አደገኛ ቆሻሻ በሺዎች በሚቆጠሩ በርሜሎች ተሞልቶ ኮኮ ወደምትባል ትንሽ የናይጄሪያ ወደብ ገባ፤ የተከማቸበት ግቢ የወር ኪራይ 100 ዶላር ያህል ነበር። ለጊኒ ቢሳዎ ደግሞ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የ600 ሚሊዮን ዶላር የቆሻሻ ውል ቀርቦላት ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። የስሌቱ ስሕተት ገበያ የሚባለው ነገር የሚቆመው ተጎጂው ራሱ ሲፈርም መሆኑን መርሳቱ ነው። በኮኮ ግቢውን ያከራየው ሰው በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር፤ በአቢጃን 35 ዶላሩን የተቀበለውና ሽታውን የተነፈሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ።

ይህን አፍሪካ ቀድማ ተረድታለች ማለት ይቻላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 1988 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ የኑክሌርና የኢንዱስትሪ ቆሻሻ በአህጉሩ ላይ መድፋት በአፍሪካና በአፍሪካውያን ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ወሰነ። በ1989 የባዝል ስምምነት፣ በ1991 ደግሞ ከዚያ የጠበቀውና አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ጨርሶ የሚከለክለው የባማኮ ስምምነት ተፈረመ። ኮትዲቯር የሁለቱም አባል ናት፤ ኢትዮጵያም እንደዚሁ። ሕጉ ግን የቦቴዎቹን ጎማ አላቆመም። ምክንያቱም ዝቃጩ በተግባር እንደ አደገኛ ቆሻሻ የሚታየው ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተብሎ ከተጻፈ ነው፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ደግሞ እንዲቀልለት የሚፈልገው ባለቤት ነው። ሕግ ስም ይሰጣል፤ ስሙ ከጭነቱ ጋር መግጠሙን የሚያጣራ ሰው ወደብ ላይ ካልቆመ ስሙ ባዶ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የፍትሑ ሒደት ምን እንዳስተማረ ደግሞ እንመልከት። የአቢጃን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 የኮምፓኒ ቶሚን ባለቤት በ20 ዓመት፣ አንድ የወደብ ወኪል በ5 ዓመት እስራት ቀጣ። በምርመራው ወቅት አቢጃን ታስረው የነበሩት የትራፊጉራ ኃላፊዎች ግን ድርጅቱ በፌብሩዋሪ 2007 ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ 95 ቢሊዮን ሴኤፍአ ፍራንክ፣ ማለትም ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመክፈል ሲስማማ ተለቀቁ፤ ውሉም ጥፋተኝነትን ያመነ አልነበረም። በ2009 ለንደን ላይ ለ30,000 ገደማ ተጎጂዎች 30 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው 1,000 ፓውንድ ያህል ማለት ነው። ከእሱም የሺዎች ድርሻ ተወካይ ነኝ ባዮች እጅ ገብቶ ጠፋ። በ2010 የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ድርጅቱን ቆሻሻውን በሕገወጥ መንገድ ከአውሮፓ በማስወጣትና አደገኛነቱን በመደበቅ 1 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ከእነዚህ ቁጥሮች የሚነበበው ነገር ቅጣቱ ወደ ሰንሰለቱ ጫፍ በወረደ ቁጥር በእስር፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በገንዘብ መሆኑ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ለትልቅ ነጋዴ ገንዘብ ወጪ ነው፤ ወጪ ደግሞ አስቀድሞ ሊሰላና ከትርፉ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ትራፊጉራ ዝቃጩ ለሞት ወይም ለከባድ ሕመም ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል፤ በለንደኑ ስምምነትም ከሁለቱም ወገን የወጣው መግለጫ የባለሙያዎች ምርመራ ሞቱንና ከባዱን ጉዳት ከዝቃጩ ጋር ሊያያይዝ አልቻለም ብሏል። የቆሻሻ ወንጀል አንዱ መሸሸጊያ ይህ ነው፤ ጥይት የመታው ሰው የት እንደተመታ ይታያል፣ ጭስ ያሳመመው ሰው ግን ሕመሙ ከዚያ ቆሻሻ መምጣቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ የሰጠው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ነው። በጣሊያን ካምፓኒያ ክልል፣ የእሳት ምድር የሚል ስም በወጣለትና 2.9 ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት አካባቢ፣ የወንጀል ቡድኖች ለአሥርት ዓመታት የኢንዱስትሪ ቆሻሻ ሲቀብሩና ሲያቃጥሉ ኖረዋል። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2025 ጣሊያን የነዋሪዎቿን የመኖር መብት እንዳልጠበቀች ሲወስን፣ ከሳሾቹ ሕመማቸው ከየትኛው ጉድጓድ እንደመጣ ማስረዳት አይጠበቅባቸውም አለ፤ ከባድና እውነተኛ አደጋ መኖሩ ከታወቀ፣ ሳይንሱ አላለቀም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም። በእኛው አህጉርም የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2023 ኮትዲቯር ራሷ የዜጎቿን የሕይወት፣ የጤናና የመረጃ መብት መጣሷን ፈርዷል። ከነጋዴው የተቀበለችው ገንዘብም ለተጎጂዎች ካሳ እንዲውል አዝዟል። ከዚያች ሌሊት 17 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

ጽዳቱስ? መንግሥት የተደፋውን በራሱ ወጪ ማንሳቱ ወንጀለኛውን ማበረታታት ነው የሚል ክርክር አለ፤ ደፊው የሚጠርግለት እንዳለ ካወቀ ለምን ይታቀባል? ክርክሩ ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም ቆሻሻ ፍርድ ቤቱን አይጠብቅም። ዝናብ ሲወርድበት ወደ አፈር ይሰርጋል፣ ከአፈር ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወርዳል፤ የሚነሳው መጠንም ከተደፋው በላይ ያብጣል። አቢጃን ላይ 528 ኪዩቢክ ሜትር ፈሳሽ የበከለው አፈር ተቆፍሮ ሲወጣ በሺዎች ቶን ሆነ፤ ትሬዲ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ሰብስቦ በመርከብ እየጫነ ፈረንሳይ ወስዶ አቃጠለው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2018 ባወጣው ምርመራ ቦታዎቹ ባመዛኙ ተጨማሪ ጽዳት ወደሚያስፈልግበት ደረጃ የሚደርስ ብክለት እንደማይታይባቸው ገልጿል፤ ይህን ለማለት ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። መንግሥት መጀመሪያ ያንሳ፤ ከዚያ ሒሳቡን ቆሻሻው ላይ ስሙ ወዳለው ባለቤት ይላክ። ወንጀለኛውን የሚያበረታታው መንግሥት መጥረጉ ሳይሆን ጠርጎ ሒሳቡን መርሳቱ ነው።

ሚዛኑ ላይ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል የሚል መርህ ይዟል፤ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅም አለን። በወንዝ ዳርና በቀለበት መንገድ ጥግ ሌሊት የሚደፋው የግንባታ ፍርስራሽ ግን ስም የለውም። ሲያዝ የሚያዘው ባለጋሪው ወይም የሲኖትራክ ሾፌሩ ነው፤ ሕንፃውን ያስገነባው ባለሀብት ፍርስራሹ የት እንደሄደ የሚጠይቀው የለም። ቁጥጥር ማጥበቅ የሚጎዳው ድሃውን ነው የሚሉ ሰዎች የሚፈሩት ይህን ነው፤ ፍርሃታቸውም ልክ ነው። መልሱ ቁጥጥሩን መተው ሳይሆን ወደ ላይ ማዞር ነው። የመንግሥት ግዢ ልማዳችንም ሊፈተሽ ይገባዋል። ጨረታ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ ለሲሚንቶ ይህ ይሠራ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሲሚንቶው ካልቀረበ ይታወቃል። ለቆሻሻ ግን ከሁሉ የወረደው ዋጋ ምናልባት ሥራውን ላለመሥራት የቀረበ ዋጋ ነው፤ ገምጋሚው ሊሸልመው ሳይሆን ሊጠይቀው ይገባል። ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ቦታው በሕግ የተፈቀደ መጣያ ነበር። ሕጋዊው ማረፊያ ራሱ እንዲያ ከሆነ ሕገወጡን ከሕጋዊው የሚለየው ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ደፊን መቅጣትና የሚያስተማምን ማስወገጃ መገንባት ተነጣጥለው የሚሄዱ ሥራዎች አይደሉም።

የተጣመመውን ገበያ ለማቅናት የሚያስፈልገው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ገንዘቡና ጭነቱ ወደ አንድ እጅ መሄዳቸው ችግሩ ከሆነ ማለያየት ነው። ባለቤቱ ክፍያውን በአደራ ያስቀምጥ፤ አጓጓዡ የሚከፈለው ጭነቱ በታወቀ ማስወገጃ በር ላይ በመኪና ሚዛን ተመዝኖ የማስወገጃው ደረሰኝ ሲመጣ ብቻ ይሁን። የተነሳው ክብደትና የደረሰው ክብደት ካልገጠመ ገንዘቡ አይለቀቅም፤ ጠያቂውም ባለቤቱን ይጠይቃል። ወረቀት ይጭበረበራል ይባላል፤ ይጭበረበራል። ዛሬ ያለው ወረቀት ግን የሚጻፈው ሁለቱም ወገኖች ዝም ቢሉ በሚጠቀሙበት መንገድ ነው፤ በአደራ ሥርዓት ግን ማስወገጃው ያላረፈበትን ጭነት ደረሰኝ ከሰጠ በራሱ ስም ተጠያቂ ይሆናል፣ ባለቤቱም የከፈለው ገንዘብ እንዳይባክን ይከታተላል። ጯሂ የሌለው ገበያ ጯሂ ያገኛል። እንግሊዝም ከብዙ ዓመታት የወረቀት ቅብብል በኋላ እያንዳንዱን ጭነት በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለመከታተል የተነሳችው ይህንኑ ስለተረዳች ነው።

ኮምፓኒ ቶሚ ለትራፊጉራ የጻፈው የውል ደብዳቤ ተርፎ በምርመራ ሰነዶች ውስጥ ገብቷል። በእጅ የተጻፈ ነው። ዋጋው በኪዩቢክ ሜትር 35 ዶላር መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎም ጭነቱ ከከተማ ውጪ ወዳለ፣ ማንኛውንም ኬሚካል ለመቀበል በሚገባ ወደተዘጋጀ ቦታ እንደሚወሰድ ይገልጻል። የቦታውንም ስም ጽፎታል፤ አኩዌዶ ይላል። ከወደቡ ተነስቶ አኩዌዶን ለማየት የአንድ ቀን ግማሽ ይበቃ ነበር፤ አጥር ያጣውን ክምርና በላዩ የሚለቅሙትን ሰዎች ላየ ሰው ኬሚካል የሚያክም መሣሪያ እንደሌለ የሚነግረው ባለሙያ አያስፈልገውም። ደብዳቤው የተጻፈው ቦቴዎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ነው። ማረፊያው በስሙ ተጽፎ ነበር፤ ሄዶ ያየው ሰው ግን አልነበረም።